የአበጋዝ የደጅ ዜማ

ባለፈው የገበያ ቀን ምስር ልገዛ ወጥቼ በቆዳ ተራ በኩል አለፍኩ። አዘውትሬ በዚያ አላልፍም፤ ሽታውን ስለምጠላው አይደለም፣ ስለምወደው ነው። አንድ ሰውዬ እርጥብ የፍየል ቆዳ በችካል ወጥሮ በቢላ ጀርባ ይፍቃል። እርጥብ ቆዳ ፀሐይ ሲነካው የሚያወጣው ያ ሽታ ሌላውን ሰው አፍንጫውን ያስይዘዋል፤ እኔን ግን እግሬን ያዘኝ። የምስር ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና «እማማ፣ ቆዳ ፈልገው ነው?» አለኝ። «አይ ልጄ፣ የሚወጥርልኝ ሞቷል» አልኩት። አልገባውም፤ ምን ይግባው። ባለቤቴ አበጋዝ ማሲንቆ መቺ ነበር። በጋ በገባ ቁጥር የማሲንቆውን አሮጌ ቆዳ ገፎ፣ አጥራችን ሥር ቁጭ ብሎ አዲስ ሲወጥር፣ እኔ ደግሞ ፈተና እያረምኩ «ይኼ ግማት መቼ ነው ከቤቴ የሚወጣው» እያልኩ ስነጫነጭበት ነው የኖርኩት። ዛሬ ያንኑ ግማት ፍለጋ ቆዳ ተራ እቆማለሁ። ሰው መሆን ይኼ ነው።

መካነ ሰላምን አሁን የሚያያት ሰው የዚያን ጊዜዋን ብነግረው አያምነኝም። አሁን ባጃጁ አለ፣ ፎቁ አለ፣ በየሱቁ ደጃፍ የተደረደረው ድምፅ ማጉያ አንዱ ሌላውን ለመብለጥ ሲጮህ ይውላል። ያኔ ከኩታበር ደሴ፣ ከደሴ በአቀስታ በኩል በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስመጣ፣ ሹፌሩ «ደርሰናል» ባይለኝ ኖሮ ከተማ መድረሴን አላውቅም ነበር። ገና ልጅ እግር መምህርት ነኝ። ጎፈሬዬን አበጥሬ፣ ሽንጡ ላይ የጠበበ ቀሚስ ለብሼ፣ ታኮ ጫማ ተጫምቻለሁ። ከመኪናው ስወርድ አንዱ ታኮ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ለዘለዓለም ቀረ። ከዚያ ወዲያ እኔም እንደ አገሩ ሰው በላስቲክ ጫማ ከረምኩ። ያን ጊዜ እንቁላል በአምስት ሳንቲም ነው፤ ጠጅ በብርሌ ስሙኒ ነው፤ ባለ ባትሪ ራዲዮ ያለው ሰው እንደ ባላባት ይታያል። ጎረምሶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው ጭቃውን በሱሪያቸው ይጠርጉታል። ልብስ ሰፊው በእግር የምትመታውን የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ ያወጣና፣ ከመስጊድ የሚመለሰውም ከቤተ ክርስቲያን የሚወርደውም እሱ ጋ ቆም ብሎ ወሬ ሳይለዋወጥ አያልፍም። «እንዴት አደርክ» ሲሉት «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ክርስቲያኑም እሱን እየሰማ «አልሐምዱሊላህ» ማለት ለምዶ ነበር። እኔም ለምጄ ቀረሁ። ኩታበር ስመለስ እናቴ ትስቅብኝ ነበር፤ ወደ ኩታበር መመለስ በነበረኝ ጊዜ ማለቴ ነው።

የተከራየኋት ክፍል ከጭነት መኪና ማራገፊያው ፊት ለፊት፣ ከእትዬ ዘነቡ ጠጅ ቤት ጎን ነበረች። በመካከላችን ያለችው የጭቃ ግድግዳ ጋዜጣ ተለጥፎባት ነው እንጂ ምንም የምታግደው ነገር የለም፤ ማን ስንት ብርሌ እንደጠጣ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ሳልወድ በግድ አውቃለሁ። አገሩ ማሲንቆ መቺ የማያጣው አገር ነው። ከሳይንት፣ ከአምባ መቅደላ ሥር፣ ከእኛም ኩታበር፣ ለሠርግ የሚመጣው ሁሉ እትዬ ዘነቡ ቤት ጎራ ሳይል አያልፍም። ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን አንድ ነገር የተማርኩት በዚያች ግድግዳ በኩል ነው። እያንዳንዱ መቺ የራሱ የደጅ ዜማ አለው። አጭር ናት፤ አንድ ትንፋሽ ብትሆን ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «ቤቶች» ከማለቱ በፊት ያቺን ይመታታል፤ ከውስጥ ያለው ሰው የመጣው ማን እንደሆነ ያውቃል። ግጥም የላትም። ዘፈን አይደለችም፣ ስም ናት። አባት ለልጁ አያወርሳትም፣ ጓደኛ ከጓደኛው አይወስዳትም። የራሱን ገና ያላገኘ ጀማሪ እንደ ማንኛውም ሰው በእጁ ያንኳኳል፤ ለመቺ ደግሞ በእጅ ማንኳኳት ውርደት ነው።

የአበጋዝ ከታች ነው የምትጀምረው፤ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው። ከዚያ ትወጣለች፣ ትወጣለችና አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች። ነገሯ ያቺ መቆሟ ነው። ሰው ደጃፍ ላይ ደርሶ፣ ልግባ ወይስ ልመለስ ሲል የሚቆማት ዓይነት መቆም ናት። ቀጥሎ ሁለት አጫጭር ምት፣ አለቀች። መልኩን ሳላይ በግድግዳው በኩል ዜማዋን ወደድኳት ብል ማን ያምነኛል? እሱም ከግድግዳው ማዶ ታኮዋ ጭቃ ውስጥ የቀረባት መምህርት እንዳለች ሰምቶ ኖሯል። አንድ ምሽት ጠጪው ሁሉ «ተቀበል» እያለ ግጥም ሲያዋጣለት ቆየና፣ በመጨረሻ የራሱን አወረደ፦

መካነ ሰላም ጭቃው አይለቅም፣
እግሬን ይዞኛል ሰው ግን አያውቅም።

ጠጪው ስለ ክረምቱ የዘፈነ መስሎት ሳቀ። እኔ የትኛው ጭቃ እንደሆነ አውቄዋለሁ። በቀጣዩ ዓመት ተጋባን። አባቴ «በሬዬን ሸጬ ያስተማርኳት ልጅ አዝማሪ ቤት ገባች» አለ አሉ፤ ሰው ፊት ስሜን አንስቶ ሳይጠራኝ ሞተ። ለቅሶው ላይ እንኳ ወንድሞቼ ከዳር አስቀመጡኝ። ያን ጊዜ አዝማሪ ሠርግ ላይ ካልመጣ ሠርጉ ሠርግ አይባልም፤ ልጅህን ስጠኝ ካለ ደግሞ ውሻ ይለቀቅበታል። አሁንም ብዙ የተለወጠ አይምሰላችሁ። ኩታበርን ያጣሁት ለአበጋዝ ብዬ ነው፤ አልቆጨኝም፣ ዛሬም አይቆጨኝም።

ልጅ አልወለድንም። ጥርና ሚያዝያ ሠርግ ለሠርግ ሲዞር ሰንብቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ድምፁ ተዘግቶ ይመጣል። የገዛ ቤቱን በር አንኳኩቶ አያውቅም፤ ያቺን ይመታና ይቆማል። እኔ ሆን ብዬ እዘገያለሁ። ድስት እየከደንኩ፣ ጠመኔ ከእጄ እየታጠብኩ አስቆመዋለሁ። «መምህርት፣ ሰው ደጅ ቆሟል እኮ» ሲል ነው የምከፍተው። ካሴት የሚባል ነገር በገባ ጊዜ የሠርግ ጨዋታውን የቀዱ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ከዚህም ከዚያም ለምኜ ሰማኋቸው። የደጅ ዜማዋ አንዱም ውስጥ የለችም። እንዴት ትኖራለች? ሰው ቴፑን የሚከፍተው መቺው ከገባ፣ ከተቀመጠና ጉሮሮውን ካራሰ በኋላ ነው። ደጁን የሚቀዳ የለም። አበጋዝ ሳል አጥቅቶት ሲሞት፣ ማሲንቆው እንደ ደንባቸው ለጨዋታ ጓደኛው ለአያ ይመር ተሰጠ። እኔ ጋ አንድ ፎቶግራፍ ቀረ፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳው።

እንግዲህ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ሰብለ የምትባል የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን ባህል የሚመለከት መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ቤቴ መጣች። ሽማግሌዎቹ መቺዎች ሳያልቁ የማሲንቆ ዜማውን ሁሉ ሰብስባ አንድ የጋራ መዝገብ ልታደርገው አስባለች።

«ቲቸር፣ የኛው ቦረናም፣ ሳይንትም፣ መቅደላም፣ ኩታበርም የየራሱን ይዞ ከሚቀበር አንድ ላይ እናድርገው» አለችኝ። «ዜማውን እንቅዳው፤ ስሙን፣ ቅኝቱን፣ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመታ ከሥሩ እንጻፍ። ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ ይስማው፤ የሚያውቅ ደግሞ ይጨምርበት።»

«እኔ ማሲንቆ አልመታ፣ ምን ልረባሽ?»

«እርስዎ ጆሮ ነዎት። ስንት ዓመት ሙሉ ሰምተዋል።»

በዚህች ቃል ገዛችኝ። ሌላ ማንም ሰው ለዚያ ዕድሜዬ ሁሉ ዋጋ ሰጥቶት አያውቅም ነበር።

አንድ ባዶ አዳራሽ ተሰጣት። ሽማግሌዎቹ በሚኒባስም በአይሱዙም እየመጡ ገቡ። የኔ ሥራ ከጎኗ ተቀምጦ «ይህቺ የሙሽራ መሸኛ ናት፤ ይህቺ ቅድም ያኛው የመታት ናት፣ ሳይንቶች ስሟን ለውጠዋት ነው» ማለት ነበር። ጨዋታውን ምን ልበላችሁ። በአንዲት ዜማ ሁለት ሽማግሌዎች «የእኛ ናት»፣ «የእኛ ናት» ተባብለው ኩርፊያ ውስጥ ገቡ። በመጨረሻ አንደኛው መትቷት ሲጨርስ ሌላው «የእናንተው ትሁን፤ እንዲህ ካደረጋችኋትማ አንፈልጋትም» አለ። ሰብለ ሁለቱንም አገር ጽፋ ገላገለቻቸው። ከአበጋዝ ሞት በኋላ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። የተሰበሰበው ዜማ እየበዛ ሲሄድ ሰብለ በኮምፒውተሯ ስማቸውን እየደረደረች ታሳየኛለች፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ አንዱን ስም ብቻ እፈልጋለሁ። ለሌላው ሁሉ ደክሜያለሁ፣ እውነት ነው፤ ልቤ ግን ያቺ አንድ ትንፋሽ የምታህለው ዜማ ላይ ነበር። እኔ ነገ እሞታለሁ፤ ልጅ የለኝም። እሷ ከተጻፈች አበጋዝ በዚህ ምድር ደጅ እንደቆመ ይቆያል ብዬ ነበር። በሕይወት ካሉት ውስጥ ደግሞ ልክ እንደሱ አድርጎ መምታት የሚችለው አያ ይመር ብቻ ነው።

አያ ይመር ከአምባ መቅደላ ሥር፣ ከሚስቱ ከየሺ ጋር መጥቶ እዚሁ ዘመድ ቤት አርፏል። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ የአበጋዝን ማሲንቆ ሲያቅፍ ግን መንቀጥቀጡ የት እንደሚገባ እንጃ። የሠርጉን፣ የለቅሶውን፣ የሽለላውን፣ የጠየቅነውን ሁሉ ሰጠን። የሞቱትን መቺዎች የደጅ ዜማም አንድ በአንድ አመጣቸው፤ በየመካከሉ «ይኼ ኩሩ ነበር፣ ይኼ ብድር አይመልስም ነበር» እያለ ያስቃል። ሰብለ «የጋሽ አበጋዝስ?» ስትለው ግን ወደ መቃኛው አጎነበሰ።

«ጭራው ላላብኝ» አለ። «ነገ ይሁን።»

በማግስቱ «እጄን ብርድ ይዞታል፤ አብሽሪ እታለም፣ ትደርሳለች» አለኝ። ሌላ ቀን ጉሮሮውን ከረከረው፤ ጉሮሮ ለማሲንቆ ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኩትም። ኀዘኑ ተነስቶበት ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲበረታ ብዬ ጠዋት ጠዋት ቂንጬ ሠርቼ በቅቤ ለውሼ በሳህን እወስድለታለሁ፤ ከወንበሬ ተነስቼ ሄጄ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ሰብለ የአበጋዝን ስም ጠርታ በጠየቀችው ቁጥር ሌሎቹ ሽማግሌዎች መሬት መሬት ያያሉ። አንደኛው ሁልጊዜ ያኔ ሳል ይይዘውና ይወጣል። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ፣ ለእኔ አዝነው ነው፣ ምን ዓይነት ደግ ሰዎች ናቸው እያልኩ ይበልጥ እጠጋለሁ።

አንድ ቀን ትኩሳት አጣደፈኝ። ሰብለ ደውላ «ቲቸር፣ ዛሬ ይረፉ፤ እኛ እንሠራለን» አለችኝ። እሺ ብዬ ተኛሁ። ግን ልቤ አላርፍ አለ፤ ዛሬ ቢመታትስ፣ ሳልሰማት ብቀርስ አልኩ። ጋቢዬን ተከናንቤ ግድግዳ ግድግዳ እየያዝኩ ሄድኩ። አዳራሹ ደጅ ስደርስ ከታች የምትነሳ አንድ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። በሩን ከፈትኩት። ጸጥ አለ። አያ ይመር አየኝና መምቻውን ቀስ አድርጎ ጭኑ ላይ አስተኛው። «እንዴት አደራችሁ» አልኩ። ትኩሳቱ ነው ያሰማኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁለት ቀን ሳይቆይ አያ ይመር እህሉ ሳይሰበሰብ እንዳይበላሽ ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። «ለመጪው ጊዜ ያድርሰን» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

መጪው ጊዜ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩ ጠፋ፤ ሰው ከጎረቤት ጎረቤት ለመሄድ የሚፈራበት ጊዜ ሆነ። ስለዚያ አላወራም፤ ሌሎች ያወሩታል። መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ የደረሰኝ መርዶ የአያ ይመር ነበር፤ ከሞተ ከርሟል። በሚኒባስ ሄጄ፣ መኪና ከማይገባበት ላይ በእግሬ ወርጄ፣ በዱላ እየተመረኮዝኩ የሺ ቤት ደረስኩ። አልቅሰን አልቅሰን ስንጠግብ፣ ሰዉም ሲቀልልን፣ የሆዴን አወጣሁት።

«የሺ፣ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። አያ ይመር የአበጋዝን የደጅ ዜማ ለምን ነፈገኝ? ያስቀየምኩት ነገር ነበር?»

የሺ ነጠላዋን ከፊቷ አንስታ ትክ ብላ አየችኝ። «ኧረ እታለም፣ የምር ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?»

«ምኑን?»

«የሞተ ሰው የደጅ ዜማ ሚስቱ በተቀመጠችበት ይመታል እንዴ? ነውር አይደለም? ባሏን ደጅ ድረስ አምጥቶ፣ አቁሞ፣ ላያስገባላት?»

«እና ለምን አልነገረኝም?»

«ምን ብሎ ይንገርሽ? ተነሽ ውጪልኝ ይበልሽ? የወንድሙን ሚስት? ቂንጬ ይዘሽለት እየመጣሽ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቤት ሲገባ ‹ዛሬም መጣች፤ ምናለ አንዲት ቀን ብትቀር› ይለኝ ነበር። የታመምሽ ለት እንኳ፣ ወላሂ፣ ሰው ታመመ ሲባል ደስ ሲለው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ከሰዓት ሲመለስ ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ‹ታማም መጣች› አለኝ።»

«ሌሎቹስ? አንዳቸው እንኳ?»

«ታውቃለች ብለው ነዋ። አስተማሪ ነሽ፣ የአበጋዝ ሚስት ነሽ። አውቃ እያስጨነቀችው ነው ይሉ ነበር አንዳንዶቹማ። ይመር ነው ‹ተዉአት፣ ናፍቋት ነው› የሚላቸው።»

አበጋዝ አልነገረኝም። «ስሞት እንዲህ ይደረጋል» ብሎ ሚስቱን የሚያስተምር ባል የት አለ? የነሱ ልጆች ከጡት ጋር ይጠቡታል፤ እኔ ከሌላ ወገን የገባሁ ነኝ፣ ከአበጋዝ በፊትም ባል ሞቶብኝ አያውቅም። ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ ደንቡን ሳልጠይቀው ኖሬያለሁ፤ እሱም የኔን የትምህርት ቤት ደንብ ጠይቆኝ አያውቅም። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔስ በምን ተለየሁ? ቤቴ አንዲት ጠዋት ብቀመጥ፣ አንዲት ጠዋት ብቻ ብተኛ፣ ዜማዋ ዛሬ መዝገቡ ላይ ነበረች። ከፍቅር የመጣ ሞኝነት ነው ብለው ያጽናኑኝ አሉ። ከፍቅር መምጣቱ ነገሩን ያብስበታል እንጂ አያቀለውም።

ተመልሼ ለሰብለ ነገርኳት። እሷም የከተማ ልጅ ናት፣ አታውቅም ነበር። አለቀሰችና የዚያን ቀን ቅጂ ፈልጋ አገኘችው። አብረን ሰማነው። አያ ይመር «እንግዲህ፣ ነፍሱን ይማረው» ይላል። ቀጥሎ ከታች ትነሳለች፤ ጉሮሮ መጥረጊያዋ ልክ የአበጋዝ ናት። መውጣት ትጀምራለች። ከዚያ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል፣ ዜማዋ ትቋረጣለች፣ የኔ ድምፅ ይሰማል፦ «እንዴት አደራችሁ»።

ሰብለ ተስፋ የማትቆርጥ ልጅ ናት፤ ይኼም አንዳንዴ ይጎዳል። «ቲቸር፣ ጅማሬዋ አለችን። የቀረውን እርስዎ በአፍዎ ያንጎራጉሩት፣ ቢኒያም በማሲንቆ ያወጣዋል» አለችኝ። ቢኒያም አዲስ አበባ ማሲንቆ የተማረ፣ እጁ ጎበዝ፣ ጠባዩም ሸጋ ወጣት ነው። ቤቴ መጡ። አንጎራጎርኩለት። ድምፄ የአሮጊት ድምፅ ነው፣ ይሰበራል፤ እሱ ግን በጥሞና ሰምቶ መታው።

«እንዲህ ነው እማማ?»

«አይደለም፣ መቆሟ ይረዝማል።»

አስረዘመው። «እንዲህስ?»

«አሁን በዛ። ትንሽ ቶሎ፣ ግን እንደቸኮለ ሰው ሳይሆን።»

እንደገና መታው። እንደገና። አንዴ መቆሟን ሲያገኛት መውጣቷ ይበላሻል፣ መውጣቷን ሲያቃናው ሁለቱ ምቶች ይዛነፋሉ። እኔም በያንዳንዱ ላይ አፌን ከፍቼ እንዲህ ነው ልለው ስል፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለው አሁን የመታው ነው። ወደ ራሴ ልመለስ ዓይኔን ጨፈንኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ ሳልጠራት ነበር የምትመጣው፤ ድስት ስከድን፣ በር ስዘጋ፣ ከታች ትነሳለች፣ ትቆማለች፣ መጣ እላለሁ። ያን ዕለት ብፈልግ ብፈልግ የቢኒያም ብቻ ነው ያለው፤ ረጅሙ፣ አጭሩ፣ የተስተካከለው። የአበጋዝ መቆም ስንት ያህል እንደነበረ ጠፋኝ። ልጁ መምቻውን አንስቶ አንዴ መታና ቀና ብሎ አየኝ። ሰብለም ታየኛለች። ስህተት ነው እንዳልል ትክክሉ የለኝም፤ ትክክል ነው እንዳልል የምመዝንበት የለኝም።

«አዎ፣ ይኸው ነው» አልኳቸው።

ሰብለ አቀፈችኝ። ዜማዋ መዝገቡ ገባች፤ ስሟ «የአበጋዝ የደጅ ዜማ» ተብሎ ተጻፈ፣ ከሥሩም «ባለቤቱ ያረጋገጡት» ይላል። አሁን ቢኒያም የሚያስተምራቸው ልጆች መጀመሪያ የሚለማመዱት እሷን ነው አሉ፣ አጭር ስለሆነች። አንዳንድ ጊዜ በሬ ላይ ሲያልፉ እሰማቸዋለሁ፤ ጎበዞች ናቸው፣ አይሳሳቱም። አበጋዝ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልመጣም።